የብሮምፕተን ስፔሻል ኤዲሽን ታጣፊ ብስክሌቶች የሚጠየቅባቸው የዋጋ ጭማሪ ይገባቸዋል ወይ?

ወለላ

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። በደቡብ ለንደን የምኖርና ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ። ከቤቴ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ከባቡር ስወርድ ደግሞ እስከ ሥራ ቦታዬ ያለውን መንገድ በታጣፊ ብስክሌት ለመሄድ ወስኜ ብዙ ዓይነቶችን ካየሁ በኋላ ምርጫዬን ወደ ብሮምፕተን አጥብቤአለሁ። ሙሉ መጠን ያለውን ብስክሌት በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ወደ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ በጥልቅ ዋሻ ውስጥ በሚያልፉት የመስመር ክፍሎች ላይ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት የተከለከለ ነው። የታጠፈ ብስክሌት ግን በሁሉም መስመር በፈለጉት ሰዓት ስለሚገባ፣ እንደ እኔ ሌሊት ገብቶ ጠዋት ለሚወጣ ሠራተኛ ሌላ አማራጭ ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄዬ ስለ ዋጋው ነው። ሱቅ ውስጥ ሦስት ብስክሌቶችን ጎን ለጎን አየሁ። አንደኛው ሲ ላይን የሚባለው መደበኛው የብረት ብስክሌት ነው። ሁለተኛው ያው ሲ ላይን ሆኖ ከአንድ የልብስ ኩባንያ ጋር በመተባበር በልዩ ቀለም የተሠራ፣ የራሱ ቦርሳ ያለው፣ ቁጥሩም የተወሰነ እትም ነው፤ ከመደበኛው በብዙ መቶ ፓውንድ ይበልጣል። ሦስተኛው ፒ ላይን የሚባለው ቀለል ያለው ሲሆን ከሁለቱም ይወደዳል። ሻጩ ስለ ሁለተኛው ሲነግረኝ ይህ ዓይነቱ ተመልሶ ስለማይሠራ ወደፊት ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ አረጋገጠልኝ። ቀለሙ ዓይኔን ስቦታል፤ አልደብቅም። ነገር ግን ጭማሪው ለምን እንደሚከፈል በትክክል ሳልረዳ ገንዘቤን ማውጣት አልፈልግም። የምኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑንም ልጨምር። የነዳችሁትም ሆነ የጠገናችሁት ካላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ናስ በያጅ

እህቴ ወለላ፣ ጥያቄውን ከመክፈልሽ በፊት ማንሳትሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ እኔ ዘንድ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚጠይቀው ከከፈለ በኋላ ነው። ለንደን ውስጥ በብስክሌት ጥገና ከተሰማራሁ ብዙ ዓመታት ሆኖኛል፤ በእጄ ከሚያልፉት ታጣፊዎች መካከልም የሚበዛው ይኸው አንቺ የመረጥሽው ነው።

ልዩ እትም የሚለው መጠሪያ እጅግ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለሚሸፍን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ብረቱ ራሱ የተለየ የሆነ አለ፤ ብረቱ ያው ሆኖ የተገጠመለት ጎማ፣ ኮርቻና ማርሽ የተለየ አለ፤ ከቀለሙና ከስሙ በቀር ምንም ያልተለወጠም አለ። ሦስቱም በሱቅ መስኮት ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ የሚጠየቅባቸውም ጭማሪ አንዳንዴ ይቀራረባል። ገዢውን የሚያደናግረው ይህ ነው።

አንድሩ ሪቺ ይህን ብስክሌት በ1975 መንደፍ የጀመረው ደቡብ ኬንሲንግተን ውስጥ በሚኖርበት አፓርታማ ነበር፤ ስሙም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ከሚታየው ከብሮምፕተን ኦራቶሪ ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም የአተጣጠፉ መሠረታዊ ሐሳብ አልተለወጠም። የኋላው ጎማ ከነተሸካሚው ወደ ታች ይገለበጣል፣ የፊተኛው ግማሽ ወደ ጎን ይጠጋል፣ መሪው ይወርዳል፣ በመጨረሻ የኮርቻው ዘንግ ወደ ታች ሲገፋ ሁሉን በአንድነት ይቆልፈዋል። ሰንሰለቱ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚቀር ዘይቱ ልብስ አይነካም። የብረቱ ፍሬም በግሪንፎርድ ፋብሪካ በእጅ፣ በናስ ይበየዳል፤ ፋብሪካው እዚያ የገባው በ2016 ነው። እያንዳንዱ በያጅ የራሱን ምልክት በሠራው ክፍል ላይ ይመታል። ይህን የምነግርሽ በምክንያት ነው፤ ያ በልዩ ቀለም የተዋበው ሲ ላይን የሚበየደው መደበኛው በሚበየድበት ቦታ፣ በእነዚያው ሰዎች እጅ ነው። ማጠፊያው ያው ነው፣ በኋላው ማጠፊያ ውስጥ ያለው ቡሽንግም (በማጠፊያው ዘንግ ዙሪያ የሚገባው ቀለበት) ያው ነው፤ ይህ ቡሽንግ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ሲላላ የሚለወጥበት አሠራርና ዋጋም አይለያይም። እኔ ስጠግነው ቀለሙን ካላየሁ በቀር የትኛው የትኛው እንደሆነ በእጄ ልለየው አልችልም።

ፒ ላይን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዋናው ፍሬም ብረት ሆኖ የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ፎርኩና የኋላው ክፍል ቲታኒየም ነው፤ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ትንሽ ያንሳል፤ የብረቱ ደግሞ እንደ ማርሹ ከ11 እስከ 12 ኪሎ አካባቢ ነው። ከእርሱም በላይ ፍሬሙ በሙሉ ከቲታኒየም የተሠራው ቲ ላይን አለ፤ በ2022 ሲወጣ ቀላሉ 7.45 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ ዋጋውም ከ3,750 ፓውንድ ይጀምር ነበር። የቲታኒየሙ ሥራ የሚከናወነው ሼፊልድ በሚገኘው የኩባንያው ፋብሪካ ነው። ቲታኒየም በአየር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይበየድ፣ ኦክስጅን እንዳይነካው በጋዝ እየተሸፈነ መሠራት ስላለበት፣ ብረታ ብረቱም ራሱ ውድ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የምትከፍዪው ጭማሪ ሚዛን ላይ ወጥቶ የሚታይ ነው። ትልቅ ገንዘብ መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም ምን እንደገዛሽ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ምክሬ፣ ከሚያምረው ብስክሌት ላይ የልብስ ኩባንያውን ስም በሐሳብሽ አውጪውና የቀረውን ተመልከቺ። ቦርሳውን ለብቻው ብትገዢው ስንት ነው? ኮርቻው ከመደበኛው ይለያል? ጎማው የተሻለ ነው? የእነዚህን ድምር ከጭማሪው ላይ ቀንሺ። የሚተርፈው የቀለም ዋጋ ነው፤ ለዚያ ያን ያህል መክፈል ትፈልጊ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

አዳም ዘሰሜን

የተከበሩ ናስ በያጅ ያቀረቡት ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቀለምን ከዋጋ ቢስ ነገር ጋር የቆጠሩት ስለመሰለኝ በዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ከአንድ በላይ ልዩ እትም አለኝ፤ ሁሉንም እነዳቸዋለሁ። ሰው በየቀኑ የሚይዘውን፣ በባቡር ውስጥ ከእግሩ አጠገብ የሚያቆመውን፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር የሚያስቀምጠውን ዕቃ ውብ አድርጎ ቢፈልገው ምን ነውር አለበት? የሀገር ልብስ ስናሠራ ጥለቱ ሙቀት ይጨምርልናል ብለን አይደለም የምንከፍለው፤ ሸማኔውም በጥለቱ ላይ ያጠፋውን ጊዜ ማንም ከንቱ ነው አይለውም። ብስክሌትንም ከዚህ ለይቼ አላየውም።

በተጨማሪም ሁሉም ትብብር በቀለም ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከቀድሞው የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪ ከዴቪድ ሚላር ጋር በቻፕተር ስሪ ስም የወጡትን እትሞች ያየ ሰው፣ የቲታኒየም ክፍሎችና ፈጣን ጎማዎች ተመርጠው እንደተገጠሙላቸው ያውቃል። ከልብስ ሠሪው ከባርበር ጋር የወጣው ደግሞ ያ ኩባንያ ለካፖርቶቹ በሚጠቀምበት በሰም በተነከረ ጥጥ የተሠራ ቦርሳ ነበረው፤ ለለንደን ዝናብ ከዚያ የሚሻል ጨርቅ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የሚወዱት ብስክሌት ይነዳል፤ የማይወዱት ኮሪደር ላይ ይቀራል። ወለላ ቀለሙን እንደወደደችው በግልጽ ነግራናለች። ይህን ከሒሳቡ ውጭ ልናደርገው አይገባም።

ሒሳብ ሠሪዋ

አቶ አዳም ስለ ውበት የተናገሩትን አከብራለሁ፤ እኔ ግን ሻጩ «ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል» ባለው ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወገኖቻችን ዕቃ ሲገዙ ይህን ቃል ሰምተው ኪሳቸውን ስለሚያራቁቱ ነው።

በእርግጥ አንዳንድ ልዩ እትም፣ በተለይ በምሥራቅ እስያ ባሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ፣ ከወጣበት ዋጋ በላይ ሊሸጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው። ከነካርቶኑ የተቀመጠ፣ ጎማው አስፋልት ያልነካ፣ የኮርቻው ዘንግ እንኳ ያልተጫረ መሆን አለበት። የኮርቻው ዘንግ ደግሞ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ከፍሬሙ ውስጥ እየወጣ ስለሚገባ ጭረት የሚታይበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ስለዚህ እህታችን ብስክሌቱን በየቀኑ ይዛ ወደ ሥራ ከሄደች፣ ስትሸጠው የምታገኘው ያገለገለ ሲ ላይን ዋጋና ምናልባት ጥቂት ጭማሪ ነው። የብሮምፕተን ያገለገለ ዋጋ በአጠቃላይ ጥሩ ነው፤ ይህ ግን ለመደበኛውም እኩል የሚሠራ ነውና ለልዩው ተጨማሪ ለመክፈል ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በዚህ ላይ አምራቹ ነገ ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። ብላክ ኤዲሽን የተባለው፣ መሪውና ሌሎች ክፍሎቹ ጥቁር የሆኑት፣ መጀመሪያ የወጣው ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቆይ ልዩ እትም ነበር፤ በኋላ ማንም የሚያዝዘው መደበኛ ምርጫ ሆኗል። ብርቅነቱን አምነው ጨምረው የከፈሉት ሰዎች ብስክሌታቸው አልተበላሸባቸውም፤ ብርቅነቱ ግን ቀርቷል።

ወለላ ተቀጣሪ ስለሆነች አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራት። በእንግሊዝ አገር ከ1999 ጀምሮ ያለው የሳይክል ቱ ወርክ አሠራር ብስክሌቱን ከግብር በፊት ካለው ደመወዝሽ ላይ በየወሩ እየተቀነሰ እንድትከፍዪ ያስችላል። መንግሥት በ2019 ባወጣው ማብራሪያ መሠረት የ1,000 ፓውንድ ጣሪያ ለዚህ አሠራር የግድ አይደለም፤ ስለዚህ ብሮምፕተንም በዚህ መንገድ ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን አሠሪው የራሱን ጣሪያ ሊያደርግ ስለሚችል የሰው ኃይል ክፍሉን አስቀድመሽ ጠይቂ። ተቀናሹ ደመወዝሽን ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ሊያወርደው እንደማይፈቀድም ዕወቂ፤ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ እህቶቻችን የሚቸገሩት በዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ይህ አሠራር በሕግ ረገድ ኪራይ ነው፤ ውሉ እስኪያልቅና ባለቤትነቱ እስኪዛወርልሽ ድረስ ብስክሌቱን መሸጥ አትችዪም። በዚህ መንገድ ገዝቶ በዋጋ ጭማሪ ለማትረፍ ማሰብ ከውሉ ጋር የሚጋጭ ነው።

ምሥራቅ

ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ እኔም የምኖረው እንዲሁ ነው፤ የምነዳውም ከሌላ ሰው የገዛሁት ያገለገለ ፒ ላይን ነው።

በክብደት በኩል የሚባለው ልዩነት በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል። ሁለት ኪሎ ምንድን ነው ያሰኛል። ነገር ግን የታጠፈ ብስክሌት በአንድ እጅ ነው የሚያዘው፤ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ትከሻና በአንድ የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። በሌላው እጅ ቦርሳና የገበያ ዕቃ ይዘሽ፣ የደረጃውን መታጠፊያ ስትዞሪ ፔዳሉ ግድግዳ እንዳይነካብሽ ክንድሽን ከሰውነትሽ ማራቅ አለብሽ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ መቶ ግራም ይታወቃል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት የሌሊት ፈረቃ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚሰማ ሆስፒታል የሠራ ሰው ያውቀዋል። ለእኔ የቲታኒየሙ ጭማሪ ዋጋ በየቀኑ ደረጃው ላይ ይመለስልኛል።

ስለ ማርሹ ግን ልትሰሚ የሚገባሽ አለ። የእኔ ፒ ላይን አራት ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ለሜዳማ መንገድ ይበቃል። ደቡብ ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስን የመሰለ ዳገት በየቀኑ የምትወጪ ከሆነ ግን፣ ርካሹ የብረት ብስክሌት ስድስት ማርሽ ይዞ ከዚህ ውድ ብስክሌት የተሻለ ያገለግልሻል። ውዱን መግዛት ብቻውን ለመንገድ የሚስማማውን መግዛት ማለት አይደለም።

ናስ በያጅ

እህታችን ምሥራቅ ያነሳችው ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ጥቂት ልጨምርበት። ስድስት ማርሽ ያለው ሲ ላይን በኋላው ጎማ መሐል ባለው ቋት ውስጥ የተሸሸገ ሦስት ማርሽና በውጭ የሚታይ ሁለት ባለ ጥርስ ቀለበት አጣምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው ስፋት 302 በመቶ ነው። የፒ ላይን አራት ማርሽ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ክብደቱ የሚጨምረውም በከፊል በዚያ ቋት ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ቀላልነትና ዳገት መውጣት እዚህ ብስክሌት ላይ እርስ በርስ የሚሻሙ ነገሮች ናቸው።

ልዩ እትሞች ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ጉዳይ አለ። መደበኛውን ስትገዢ የመሪውን ቁመት ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብለሽ ትመርጫለሽ፤ የማርሹንም ቁጥር እንዲሁ። ልዩው እትም ግን አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ በወሰነው በአንድ ወይም በሁለት ዓይነት ብቻ ነው የሚወጣው። ቀለሙን ወደው ለቁመታቸው የማይሆን መሪ የገዙ ሰዎች ወገባቸውን ይዘው ይመጡብኛል። መሪውን በሌላ መቀየር ይቻላል፤ ከነዘንጉ፣ ከነገመዶቹ፣ ከነእጅ ሥራው ሲደመር ግን ወጪው ቀላል አይደለም፤ ከዚያ በኋላም ያ ልዩ እትም ሰብሳቢ የሚፈልገው ልዩ እትም አይደለም።

ቀለም ስለተነሳ ጥሬ ላከር ስለሚባለው አንድ ነገር ልበል። ይህ አሠራር ብረቱን ያለ ቀለም በጠራ ላከር ብቻ ስለሚሸፍን የናሱ ብየዳ በየመጋጠሚያው ወርቅ መስሎ ይታያል። እኔ ራሴ ከሁሉም የሚያምረኝ እርሱ ነው፤ የበያጁን እጅ በቀጥታ ያሳያልና። ተጨማሪ ዋጋም ይጠየቅበታል። ይሁን እንጂ ላከሩ ከተጫረና ውኃ ከገባበት ዝገቱ ከሥሩ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይሰራጫል፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ያፋጥነዋል። ይህ የብረት ባሕርይ ነው፣ በማንም ጉድለት የሚመጣ አይደለም። ደረቅ ቦታ ለሚያሳድረውና አዘውትሮ ለሚወለውለው ሰው ጥሩ ነው። ዝናብም በረዶም ሳትዪ ለምትነጂው ለአንቺ ግን ደህና ሆኖ የተጋገረ መደበኛ ቀለም ይሻልሻል፤ ሲጫርም በቀላሉ ተመሳሳይ ቀለም ተፈልጎ ይነካካል። የልዩ እትም ቀለም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለመነካካት ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

ጉለሌ ሽቅብ

ውይይታችሁን ከአዲስ አበባ ሆኜ በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። ለንደን የሚኖር ወንድሜ ለእኔ ብስክሌት ሊልክልኝ ስላሰበ ጥያቄው እኔንም ይመለከተኛል። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ብዙ ሰው ፔዳል መርገጥ ጀምሯል፤ ታጣፊ ብስክሌት ደግሞ ታክሲ ውስጥ ይዞ ለመግባት ስለሚያመች ተመኝቼዋለሁ። ወንድሜ «ካልቀረ ልዩውን ልላክልህ» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ናስ በያጅ

ወንድሜ ጉለሌ፣ ለወንድምህ ያለኝን ምስጋና አቅርብልኝና ለቀለም የሚያወጣውን ጭማሪ ለሌላ ነገር እንዲያውለው ንገረው። አንተ ያለህበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱን ስምህ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ስድስት ማርሽ ያለው ይሁንልህ። የብሮምፕተን ጎማ 16 ኢንች ቢባልም ሌሎች 16 ኢንች ጎማዎች ላይገጥሙት ይችላሉ፤ የቸርኬው ልኬት 349 የሚባለው ነው፤ የልጆች ብስክሌት ጎማ ከመርካቶ ገዝተህ ልታስገባበት ብትሞክር አይገባም። በተረፈው ገንዘብ ሁለት የውጭ ጎማ፣ በርከት ያሉ የውስጥ ጎማዎች፣ የፍሬን ጫማ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመድ፣ አንድ ሰንሰለት ገዝቶ በሻንጣው ይላክልህ። ትንሽ ጎማ ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ ከትልቁ ይልቅ ይንገጫገጫል፤ የኋላው ላስቲክ ንዝረቱን ቢቀንሰውም አያጠፋውም። ኩባንያው በ2024 ጂ ላይን የሚባል ባለ 20 ኢንች ጎማ አውጥቷል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ሲታጠፍ ስለሚተልቅና ስለሚከብድ ሚኒባስ ውስጥ ልትገባበት ያስቸግርሃል።

ብራስልስ ሰፈር

አንድ ያልተነካ አማራጭ ስላለ ልጥቀስ። የብሮምፕተን የአተጣጠፍ ፓተንት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ በዚህ የተነሳ በእስያ የሚሠሩ ተመሳሳይ ብስክሌቶች በብዛት ወጥተዋል። ከልዩ እትሙ ጭማሪ ብዙም በማይበልጥ ዋጋ ሙሉ ብስክሌት የሚሸጡ አሉ። እዚህ ቤልጅየም ውስጥ በሊዬዥ ፍርድ ቤት በተነሳ ክርክር ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ያ ፍርድ ቤት በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ የአንድ ዕቃ ቅርፅ ቴክኒካዊ ውጤት ለማግኘት አስፈላጊ ቢሆንም እንኳ የሠሪውን ነፃ ምርጫና የራሱን አሻራ የሚያሳይ እስከ ሆነ ድረስ በቅጂ መብት ሊጠበቅ እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ የቅጂዎቹ ነገር በየአገሩ ያልለየለት ነው። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

አዳም ዘሰሜን

አንዳንዶቹ ቅጂዎች በደንብ የተሠሩ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ንድፉን ያፈለቀው ሰው ከ1975 ጀምሮ ገንዘብ የሚያበድረው አጥቶ እንደተንከራተተና ብስክሌቱ በትክክል ወደ ማምረት የገባው በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደነበር ሳስብ፣ ዋናውን ለሚሠራው መክፈልን እመርጣለሁ። ይህም የልዩ እትም ገዢነቴ አንዱ ምክንያት ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ በእጅ የሚበይድ ሰው ሥራውን ይዞ እንዲቆይ የምከፍለው ዋጋ አድርጌ አየዋለሁ።

ሒሳብ ሠሪዋ

ምክንያትዎ የሚከበር ነው፤ ሆኖም መደበኛውን የገዛም ሰው ለዚያው በያጅ ነው የሚከፍለው። ጭማሪው በብዛት የሚሄደው ለስሙ ባለቤት፣ ለቀለሙና ለማስታወቂያው እንጂ ለበያጁ አይመስለኝም።

ስርቆትንም አንርሳ። ለንደን ውስጥ ብስክሌት ውጭ አስሮ መተው አደገኛ ነው፤ የታጣፊ ብስክሌት ትልቁ ጥቅም ባለቤቱ ይዞት መግባቱ ነው። ኢንሹራንስ ስትገቢ ግን የገዛሽበትን ዋጋ የሚሸፍን መሆኑን አረጋግጪ፤ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ ስላለው ከዚያ በላይ ያለው ለብቻው ካልተመዘገበ አይካተትም። ልዩ እትም ቢጠፋ በተመሳሳዩ ሊተካ ስለማይችል መድን ሰጪው የሚከፍልሽ ቢበዛ የመደበኛውን መተኪያ ሊሆን ይችላል።

ወለላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሱቁ ተመልሼ ሦስቱንም አንሥቼ፣ የሱቁን ደረጃ ወጥቼ፣ አጥፌና ዘርግቼ አየኋቸው። ጋሽ በያጅ እንዳሉት ቦርሳውን ለብቻው ዋጋ አስጠየቅሁ፤ ጭማሪው ውስጥ ቦርሳው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ፤ ኮርቻውና ጎማው ከመደበኛው አይለዩም። ያ እትም የሚመጣው በዝቅተኛው መሪ ብቻ ሲሆን እኔ ስቀመጥበት ወደ ፊት ያጎነብሰኛል። አቶ አዳም ስለ ውበት የጻፉትን አልዘነጋሁትም፤ ቀለሙን አሁንም እወደዋለሁ።

የሥራ መንገዴ ሜዳማ ስለሆነ አራቱ ማርሽ ይበቃኛል። ስለዚህ ልዩ እትሙን ትቼ፣ በአሠሪዬ በኩል በሳይክል ቱ ወርክ፣ መካከለኛ መሪ ያለውን ፒ ላይን ለመውሰድ ወስኛለሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ ዋጋው በጣሪያው ውስጥ እንደሆነ ነግሮኛል። ስረከበው ልመረምረው የሚገባኝ ነገር ካለ ጋሽ በያጅ ቢነግሩኝ።

ናስ በያጅ

መልካም አድርገሻል። ስትረከቢው ሱቁ ውስጥ ሆነሽ ራስሽ እጠፊው፤ ሻጩ አጥፎ እንዲያሳይሽ ብቻ አትተዪው። ሁለቱን ማጠፊያዎች የሚያጠብቁት ማንሻዎች በእጅ ተጠምዝዘው በደንብ ሊነክሱ ይገባል፤ እንዲያጠብቁ ብለሽ በኃይል መጭመቅ ግን የለብሽም። የኮርቻውን ከፍታ ለቁመትሽ ከለካሽ በኋላ፣ ዘንጉ ሁልጊዜ በዚያው ልክ እንዲቆም የሚያደርግ ማቆሚያ ከውስጥ እንዲገጥሙልሽ ጠይቂ፤ ለአጭር ሰው ይህ በየጠዋቱ ከመገመት ያድናል። የኋላውን ክፍል ይዘሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትወዘውዢው መላላት ሊኖረው አይገባም።

ጎማውን በጎኑ ላይ በተጻፈው የአየር መጠን ክልል ውስጥ በየሳምንቱ ሙዪው፤ ትንሽ ጎማ አየር ሲያንሰው ቶሎ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ገመዶቹ ትንሽ ስለሚለጠጡ ወደ ሱቁ መልሰሽ አስተካክለው እንዲሰጡሽ አድርጊ። የፍሬሙን ቁጥርም ፎቶ አንሥተሽ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጪው፤ ለኢንሹራንሱም ለፖሊስም የሚጠየቀው እርሱ ነው።